ወጪ ቆጣቢ የናኖቴክኖሎጂ ምርምር ሕንፃ እንዴት ይነደፋል? ደብረ ታቦርና የደቡብ ጎንደር ደጋ እንደ ማሳያ

መግቢያ

ናኖቴክኖሎጂ በናኖ ሜትር የሚለኩ እጅግ ጥቃቅን ቁሶችን የመሥራት፣ የመለካትና ለአገልግሎት የማዋል ሙያ ነው። አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የአንድ ሰው ፀጉር ውፍረት ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖ ሜትር ገደማ መሆኑ የመጠኑን ልዩነት ያሳያል። በዚህ መጠን ለሚሠራ ተመራማሪ በዓይን የማይታይ ብናኝ ትልቅ ዕንቅፋት ነው፤ በመንገድ የሚያልፍ የጭነት ተሽከርካሪ የሚፈጥረው ንዝረትም የማይክሮስኮፕን ምስል ያደበዝዛል። በመሆኑም የናኖቴክኖሎጂ ምርምር የሚካሄድበት ሕንፃ ራሱ ከምርምር መሣሪያዎቹ እንደ አንዱ ይቆጠራል።

በዚህ ዓይነት ሕንፃ ላይ የሕዝብ ገንዘብ በሁለት መንገድ ሊባክን ይችላል። አንደኛው፣ በሌላ አገር ለኮምፒውተር ቺፕ ማምረቻ የተዘጋጀን ዲዛይን እንዳለ በመቅዳት የማያስፈልግ ንጽሕና ለማስጠበቅ በየዓመቱ ከፍተኛ የኤሌክትሪክና የመለዋወጫ ወጪ ማውጣት ነው። ሁለተኛው፣ ተራ የቢሮ ሕንፃ ገንብቶ ውድ መሣሪያዎችን በኋላ ማስገባት ነው። በዚህኛው መንገድ የተገዛው መሣሪያ በንዝረት፣ በአቧራ ወይም በኃይል መዋዠቅ ምክንያት የተሟላ አገልግሎት ሳይሰጥ ይቀራል።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው የምርምር ማዕከል ለመገንባት ለሚያቅዱ ተቋማት፣ ለአማካሪዎችና ለሥራ ተቋራጮች፣ እንዲሁም ከእንዲህ ዓይነት ማዕከል አገልግሎት ለሚጠብቁ ዜጎች ነው። ደብረ ታቦር የተመረጠችው እንደ ማሳያ ሲሆን፣ ዓላማው በከተማዋ የተያዘን ፕሮጀክት ማስተዋወቅ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በአቅራቢያዋ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ያለና የዩኒቨርሲቲ መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። በእርሷ የሚታዩት የዲዛይን ጥያቄዎች ለሌሎች የአገራችን ደጋማ ከተሞችም ይሠራሉ።

ከሕንፃው በፊት የምርምሩ ዝርዝር

የወጪ ቁጠባ የሚጀምረው ከሲሚንቶና ከብረት ዋጋ ሳይሆን ከአንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄውም በሕንፃው ውስጥ የሚካሄደው ምርምር ምን ዓይነት ነው የሚል ነው። የናኖቴክኖሎጂ ምርምር ሁሉ አንድ ዓይነት ክፍል አይፈልግም። ሥራዎቹን በሦስት ከፍሎ ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያው የኬሚካል ዝግጅት ነው። ከዕፅዋት ጭማቂ የብር ወይም የዚንክ ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣቶችን ማዘጋጀት፣ ውኃ የሚያጣሩ ቁሶችን መሥራት፣ የማዳበሪያን ንጥረ ነገር ቀስ በቀስ የሚለቁ ሽፋኖችን መሞከር በዚህ ሥር ይመደባሉ። እነዚህ ሥራዎች የሚያስፈልጋቸው ጥሩ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ፣ ትነት የሚመጥጥ ፊዩም ሁድ፣ ንጹሕ ውኃና አስተማማኝ የቆሻሻ አያያዝ ነው።

ሁለተኛው ልኬት ነው። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ፣ የአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕና የኤክስሬይ ዲፍራክሽን መሣሪያ የሚቀመጡባቸው ክፍሎች ከሁሉ በላይ ጸጥታ፣ ቋሚ ሙቀትና ከመግነጢሳዊ መስክ መራቅ ይፈልጋሉ። የአየር ንጽሕናቸው ግን መካከለኛ ቢሆን ይበቃል።

ሦስተኛው በጣም ጥቃቅን መስመሮችንና ንጣፎችን በሲሊኮን ወይም በመስታወት ላይ የማተም ሥራ ነው። ክሊን ሩም ወይም ንጹሕ ክፍል በመባል የሚታወቀውንና ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቀውን ክፍል በዋናነት የሚፈልገው ይህ ነው።

የውኃ ጥራትን፣ የአፈር ለምነትንና የሰብል ጥበቃን ለሚያስቀድም ማዕከል አብዛኛው ሥራ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ምድብ የሚሸፈን ነው። ስለዚህ የሚፈለጉ ሙከራዎችና መሣሪያዎች ዝርዝር ሳይዘጋጅ አርክቴክት መቅጠር የወጪው ሁሉ መነሻ ስሕተት ይሆናል። ዝርዝሩ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚፈልገውን የሙቀት መጠን፣ የንዝረት ገደብ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ የጋዝና የውኃ ዓይነት እንዲሁም የሚያወጣውን ቆሻሻ መያዝ ይኖርበታል።

የንጹሕ አየር ዋጋ

ንጹሕ ክፍሎች አይኤስኦ 14644-1 በተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት በደረጃ ይከፈላሉ። በደረጃ 5 በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ መጠናቸው 0.5 ማይክሮ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ብናኞች ከ3,520 መብለጥ የለባቸውም። በደረጃ 7 ገደቡ 352,000፣ በደረጃ 8 ደግሞ 3,520,000 ነው። ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር በማጣሪያ ውስጥ በየሰዓቱ የሚመላለሰው የአየር መጠን ይጨምራል። ወጪውን የሚያበዛውም ይኸው ነው።

ጉዳዩን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። ስፋቱ 100 ሜትር ካሬ፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ክፍል 300 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ክፍሉ በሙሉ በደረጃ 5 እንዲሆን ተፈልጎ አየሩ በሰዓት 300 ጊዜ ይመላለስ ቢባል፣ በየሰዓቱ 90,000 ሜትር ኩብ አየር ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። በአንጻሩ ከፍተኛ ንጽሕና የሚሻው የሥራ ቦታ 10 ሜትር ካሬ ብቻ ሆኖ ቀሪው 90 ሜትር ካሬ በሰዓት 40 ጊዜ በሚመላለስ አየር በደረጃ 7 ቢያዝ፣ የሚያስፈልገው 9,000 እና 10,800 ሜትር ኩብ፣ በድምሩ 19,800 ሜትር ኩብ ነው። ይህ ከመጀመሪያው 22 በመቶ ብቻ ነው። ተመራማሪው የሚሠራበት ቦታ ንጽሕና ግን በሁለቱም አማራጮች እኩል ነው።

ለዚህም ሦስት የታወቁ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ንጹሑን ቦታ በመጋረጃ ወይም በመስታወት ከልሎ ማጣሪያውን በቀጥታ ከበላዩ መስቀል ነው። ሁለተኛው መሣሪያውን በራሱ በታሸገ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ሦስተኛው የመሣሪያው ፊት ብቻ በንጹሑ ክፍል እንዲታይ አድርጎ ሞተሩን፣ ፓምፑንና ቱቦዎቹን ከግድግዳው ጀርባ ባለ የጥገና መተላለፊያ ማኖር ነው። በዚህ አሠራር የጥገና ባለሙያው ንጹሑን ክፍል ሳያውክ ሥራውን ያከናውናል።

ሌላው ቁጠባ ከሥራ ሰዓት ውጪ የሚገኝ ነው። በማራገቢያዎች ጠባይ ምክንያት የአየሩ ፍሰት በግማሽ ሲቀንስ የሚያስፈልገው ኃይል በንድፈ ሐሳብ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለሆነም ፍጥነታቸው የሚስተካከል ማራገቢያዎችን መግጠምና በሌሊት ፍሰቱን ዝቅ ማድረግ በዲዛይኑ መካተት አለበት። ይህ ሲደረግ ግን ክፍሉ ከአካባቢው ከፍ ያለ የአየር ግፊት እንደያዘ መቆየቱ መረጋገጥ ይኖርበታል። ግፊቱ ከወረደ አቧራ በበርና በስንጥቅ ይገባልና።

ከብናኝ ምንጮች ሁሉ ዋነኛው ሰው ነው። የጥጥ ልብስ፣ በተለይም ጋቢና ነጠላ፣ ብዙ ቃጫ ያራግፋል። ስለዚህ የልብስና የጫማ መቀየሪያ ክፍል የግድ ያስፈልጋል። ጎብኚዎች ወደ ውስጥ ሳይገቡ ሥራውን የሚያዩበት ባለ መስታወት መተላለፊያ መሥራትም የንጽሕና ወጪን ይቀንሳል። በበጋ ወራት ከሚነሳው አቧራና ከማገዶ ጭስ ለመጠበቅ የአየር መሳቢያው ነፋስ ከሚመጣበት መንገድና ከመኖሪያ መንደር ራቅ ብሎ መቀመጥ ይገባዋል። ቅጥር ግቢውን በድንጋይ ንጣፍና በሣር መሸፈን፣ ርካሹን የመጀመሪያ ደረጃ ማጣሪያም ቶሎ ቶሎ መቀየር ከውጭ የሚገባውን ውድ ማጣሪያ ዕድሜ ያራዝማል።

የደጋው አየር ጥቅምና ጉዳት

በ2,700 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 72 በመቶ ገደማ ነው። በተመሳሳይ ሙቀት አየሩም በዚያው መጠን የሳሳ ይሆናል። ውኃ የሚፈላውም በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ይህ እውነታ በዲዛይንና በግዢ ላይ ቀጥተኛ ውጤት አለው።

በመጀመሪያ፣ ሳሳ ያለ አየር ሙቀትን የመሸከም አቅሙ ዝቅተኛ ነው። አንድ መሣሪያ የሚያወጣውን ሙቀት በአየር ለማስወገድ በባሕር ጠለል ከሚያስፈልገው 1.4 እጥፍ ገደማ የሚሆን የአየር መጠን ማንቀሳቀስ ይጠይቃል። ከሌላ አገር ካታሎግ የተገለበጠ የማቀዝቀዣ ስሌት በደብረ ታቦር አነስተኛ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ሙቀት የሚያወጡ መሣሪያዎችን በአየር ፈንታ በውኃ ማቀዝቀዝ በደጋ የተሻለ ይሆናል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ሳሳ ያለ አየር የኤሌክትሪክ ፍንጣሪን የመከላከል አቅሙም አነስተኛ ነው። የቤተ ሙከራ ኤሌክትሪክ መሣሪያዎችን ደኅንነት የሚወስነው አይኢሲ 61010-1 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት መደበኛ ብሎ የሚወስደው የአጠቃቀም ከፍታ እስከ 2,000 ሜትር ነው። ደብረ ታቦር ከዚህ በ700 ሜትር ገደማ ትበልጣለች። ስለዚህ በጨረታ ሰነዱ ላይ የቦታው ከፍታ በግልጽ ካልተጻፈና አቅራቢው መሣሪያው በዚያ ከፍታ እንደሚሠራ በጽሑፍ ካላረጋገጠ፣ በኋላ ለሚፈጠር ብልሽት ዋስትና ለመጠየቅ አስቸጋሪ ይሆናል። አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ የሚጠይቅ ጥንቃቄ ቢሆንም ከፍተኛ ኪሳራ ያስቀራል።

በሦስተኛ ደረጃ፣ የናፍጣ ጄኔሬተሮች በከፍታ ቦታ ኃይላቸው ይቀንሳል። የቅናሹ መጠን እንደ ሞተሩ ዓይነት ስለሚለያይ፣ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ኃይል እንዳለ መቀበል ሳይሆን ለ2,700 ሜትር የተስተካከለውን ቁጥር ከአምራቹ መጠየቅ ይገባል።

ደጋው ግን ጥቅምም አለው። ቤተ ሙከራዎች በአብዛኛው ከ20 እስከ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈልጋሉ። የደብረ ታቦር የውጪ አየር ደግሞ በአብዛኞቹ የዓመቱ ሰዓታት፣ በተለይም በሌሊት፣ ከዚህ በታች ነው። ይህን ቅዝቃዜ በውኃ ቱቦዎች አማካይነት ወደ ሕንፃው በማስገባት የማቀዝቀዣ ማሽኑን የሥራ ሰዓት መቀነስ ይቻላል። አቧራና እርጥበት ይዞ ስለሚገባ የውጪውን አየር በቀጥታ ማስገባት ግን አይመከርም። በክረምት እርጥበቱ ከፍ ስለሚል ማድረቂያ ያስፈልጋል፤ በበጋ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ የሚከማቸውን የኤሌክትሪክ ቻርጅ ለመከላከል መጠነኛ እርጥበት መስጠትና ቻርጅ የሚያወርድ የወለል ንጣፍ መጠቀም ያስፈልጋል።

የግንባታ ቁሱም ከአካባቢው ይገኛል። የደቡብ ጎንደር ከፍተኛ ቦታዎች በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ በተፈጠረ ባዛልት የተገነቡ ናቸው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሙቀትና የሌሊቱን ብርድ ስለሚያመጣጥን ለቢሮ፣ ለመማሪያና ለውጪ ግድግዳ ተስማሚ ነው። የንጹሑ ክፍል የውስጥ ገጽታ ግን ለስላሳ፣ የማይፈረፈርና የሚታጠብ መሆን አለበት። ባሕር ዛፍ ለግንባታ መወጣጫ ቢያገለግልም ወደ ንጹሑ ክፍል የእንጨት ዕቃ አይገባም።

የቦታ መረጣ፣ መሬትና ንዝረት

ንዝረትን ከተፈጠረ በኋላ ከመከላከል ይልቅ ጸጥ ያለ ቦታ መምረጥ እጅግ ይረክሳል። ለስሱ መሣሪያዎች የሚፈቀደው ንዝረት ቪሲ በሚባሉ ደረጃዎች ይገለጻል። ቪሲ-ኤ በሰከንድ 50 ማይክሮ ሜትር፣ ቪሲ-ዲ 6.25 ማይክሮ ሜትር፣ ቪሲ-ኢ ደግሞ 3.125 ማይክሮ ሜትር ፍጥነት ያለውን ንዝረት ያመለክታሉ። እነዚህ ሁሉ የሰው አካል ሊሰማው ከሚችለው በታች ናቸው። በመሆኑም «ቦታው ጸጥ ያለ ነው» የሚል የዓይን ግምት በቂ አይደለም። ከዲዛይኑ በፊት ቢያንስ ለተወሰኑ ቀናት፣ የገበያ ቀንና ሌሊትን ጨምሮ፣ በመሣሪያ መለካት ያስፈልጋል።

በደብረ ታቦር የሚያልፈው የወረታ–ወልድያ መንገድ ከባድ ተሽከርካሪዎችን ያስተናግዳል። የምርምር ሕንፃው ከዚህ መንገድ፣ ከወፍጮ ቤቶችና ከድንጋይ መፍጫዎች መራቁ ለማይክሮስኮፕ ክፍሎቹ ትልቅ ጥቅም አለው። የመሬቱ ዓይነትም ወሳኝ ነው። በባዛልት ዐለት ላይ የተመሠረተ ወለል ጽኑ ሲሆን፣ በቆላማውና በሜዳማው ክፍል የሚገኘው ዋልካ አፈር በክረምት እያበጠ በበጋ እየተሰነጠቀ ወለልን ያዛባል። የአፈር ምርመራ ውጤት ሳይኖር የቦታ ርክክብ መፈጸም የለበትም።

በሕንፃው አቀማመጥ ረገድ ስሱ መሣሪያዎች በምድር ወለል፣ ከሕንፃው ምሰሶዎች በክፍተት በተለየ ወፍራም ኮንክሪት ላይ ይቀመጣሉ። ፓምፖች፣ ማራገቢያዎች፣ ጄኔሬተርና ትራንስፎርመር በተለየ ክንፍ ይሆናሉ። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በመግነጢሳዊ መስክ ስለሚታወክ ከትራንስፎርመርና ከአሳንሰር መራቅ አለበት። ሕንፃው አንድ ወይም ሁለት ፎቅ ብቻ ቢሆንና ለአካል ጉዳተኞች መወጣጫ በዘንባላ መንገድ ቢሠራ፣ የአሳንሰር ወጪም ችግርም አብሮ ይቀራል።

ኃይልና ውኃ

የኤሌክትሪክ መቋረጥ በንጹሕ ክፍል ውስጥ የሚያስከትለው ጉዳት ከመብራት መጥፋት በላይ ነው። የአየር ግፊቱ ይወርዳል፣ አቧራ ይገባል፣ በቫኩም ውስጥ ያለ ናሙናም ይበላሻል። ይሁን እንጂ መላውን ሕንፃ በመጠባበቂያ ኃይል መሸፈን አስፈላጊ አይደለም። የኃይል ፍላጎቱ በሦስት መከፈል አለበት። ለቅጽበት እንኳ መቋረጥ የሌለባቸው መቆጣጠሪያዎችና የቫኩም መሣሪያዎች በባትሪ፣ በደቂቃዎች ውስጥ መመለስ ያለባቸው የአደገኛ ትነት መምጠጫዎችና ዝቅተኛው የአየር ፍሰት በጄኔሬተር፣ ቀሪዎቹ ቢሮዎችና ማሞቂያዎች ደግሞ በመደበኛው መስመር ብቻ ይያዛሉ። በክረምት መብረቅ ስለሚበዛ የመብረቅ መከላከያና የተሟላ የመሬት መስመር በመጀመሪያው ውል መካተት አለበት።

ለናኖ ሥራ የሚውል ውኃ ከጨውና ከማዕድን የጸዳ መሆን ይኖርበታል። በውስጡ የሟሟ ጨው በበዛ ቁጥር ማጣሪያው ቶሎ ያልቃል። የዝናብ ውኃ የሟሟ ጨው በጣም ጥቂት ስለሚይዝ ለዚህ ሥራ ጥሩ መነሻ ነው። 1,000 ሜትር ካሬ በሆነ ጣሪያ ላይ 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ፣ የሚባክነው ሳይቀነስ 1,000 ሜትር ኩብ ወይም አንድ ሚሊዮን ሊትር ውኃ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች አቧራ አሳልፎ የሚጥል መቀበያና የተከደነ ማጠራቀሚያ ማዘጋጀት ግን ያስፈልጋል።

ፍሳሽ፣ ደኅንነትና የአካባቢው ሕዝብ

በወጪ ቅነሳ ስም ሊነካ የማይገባው ክፍል ይህ ነው። የጉማራና የርብ ወንዞች ከጉና ተራራ አካባቢ ተነስተው፣ ሩዝና ሌሎች ሰብሎች የሚመረቱበትን የፎገራ ሜዳ አቋርጠው ወደ ጣና ሐይቅ ይገባሉ። ከደጋው የሚለቀቅ አሲድ፣ ከባድ ብረት ወይም ናኖ ቅንጣት ከታች ያለውን አርሶ አደር፣ ከብትና ዓሣ ሊጎዳ ይችላል።

ስለሆነም የቤተ ሙከራው ፍሳሽ ከመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ በተለየ መስመር መሄድ አለበት። አሲድና አልካሊ በማጠራቀሚያ ውስጥ ተመጣጥነው፣ መጠናቸው ተለክቶና ተመዝግቦ ካልሆነ ከግቢው መውጣት የለባቸውም። ከባድ ብረትና ናኖ ቅንጣት ያለበት ፈሳሽ በመስመሩ ሳይለቀቅ በዕቃ ተሰብስቦ ይያዛል። ደረቅ የናኖ ዱቄት የሚመዘንባቸው ቦታዎች አየራቸውን በማጣሪያ ያወጣሉ።

ለአርክቴክቶች ልዩ ትኩረት የሚሻ ነጥብም አለ። ንጹሕ ክፍል አየሩን ወደ ውጪ የሚገፋ ሲሆን፣ አደገኛ ኬሚካል የሚያዝበት ክፍል ግን አየሩን ወደ ውስጥ መሳብ አለበት። ሁለቱን ያለ መሸጋገሪያ ክፍል ጎን ለጎን ማገናኘት የሠራተኞችን ጤና ለአደጋ ያጋልጣል። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድን የመሰሉ እጅግ አደገኛ ኬሚካሎች የሚያዙ ከሆነ የመጀመሪያ ዕርዳታ መድኃኒቱ በክፍሉ መገኘቱና በአቅራቢያው ያለው ሆስፒታል አስቀድሞ ማወቁ መረጋገጥ ይኖርበታል። የጋዝ ሲሊንደሮች ከሕንፃው ውጪ፣ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ።

በምዕራፍ መገንባትና በጋራ መጠቀም

ከሁሉ የሚበልጠው ቁጠባ ያለውን በጋራ መጠቀም ነው። በአገራችን በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ናኖቴክኖሎጂን ከልህቀት ማዕከላቱ አንዱ አድርጎ ይዟል። የባዮና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ናኖቴክኖሎጂን ከምርምር ዘርፎቹ አንዱ አድርጓል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 ሁለት የናኖቴክኖሎጂ የፈጠራ ማዕከላትን ስታቋቁም፣ በነባሮቹ የምርምር ተቋማት በሲኤስአይአርና በሚንቴክ ሥር እንዲሆኑ አድርጋለች። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2015 ባቋቋመችው አገር አቀፍ ትስስር 16 ማዕከላት መሣሪያዎቻቸውን ለውጪ ተጠቃሚዎች ክፍት አድርገዋል።

ከዚህ በመነሳት በደብረ ታቦር ደረጃ ያለ ተቋም በመጀመሪያው ምዕራፍ የኬሚካል ዝግጅትና መሠረታዊ የልኬት ክፍሎችን ሊገነባ፣ ከፍተኛ ንጽሕና ለሚሹ ጥቂት ሥራዎች ደግሞ ተመራማሪዎቹን ወደ ሌላ ማዕከል ሊልክ ይችላል። ለወደፊቱ ንጹሕ ክፍል የሚሆነው ቦታ መሠረቱ፣ የጣሪያው ከፍታና የቱቦ መተላለፊያው ብቻ ተዘጋጅቶ ይቆያል። በቂ ተጠቃሚ መኖሩ በመዝገብ ሲረጋገጥ ሁለተኛው ምዕራፍ ይቀጥላል። በኋላ ሊጨመሩ የማይችሉት የጣሪያ ከፍታ፣ የወለል ጽናትና የፍሳሽ መስመር ስለሆኑ በእነርሱ ላይ መቆጠብ አይገባም።

በሥራ ላይ ያለ ማዕከል ከግንባታው በኋላም ማጣሪያ፣ ጋዝ፣ መለዋወጫና የሠለጠነ የጥገና ባለሙያ ይፈልጋል። በዚህ ረገድ የደብረ ታቦር አካባቢ የራሱ ታሪክ አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. በከተማዋ አቅራቢያ በሚገኘው ጋፋት የአውሮፓ ባለሙያዎችን አሰባስበው መድፍ አሠርተዋል። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተሠራው በዚያ ነው። ከ1860 ዓ.ም. የመቅደላ ጦርነት በኋላ ግን ባለሙያዎቹ አገር ለቀው ስለ ወጡ ሥራው ቀጣይ አልሆነም። ዛሬም የመሣሪያ ግዢ ውል የአገር ውስጥ ባለሙያዎችን የጥገና ሥልጠና ካላካተተ፣ ከውጭ የመጣው ባለሙያ ሲመለስ መሣሪያው መቆሙ አይቀርም።

ፈቃድና አስፈላጊ ሰነዶች

የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድቦች ሲከፍል፣ የሕዝብና የተቋማት ሕንፃዎችን በምድብ «ሐ» አስቀምጧል። በመሆኑም የምርምር ሕንፃ ፕላን በተመዘገቡ ባለሙያዎች ተዘጋጅቶ ለከተማው የሕንፃ ሹም መቅረብ ይኖርበታል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 በአካባቢ ላይ ተፅዕኖ ሊያደርሱ የሚችሉ ፕሮጀክቶች ከመጀመራቸው በፊት እንዲገመገሙ ያዝዛል። የኤክስሬይ መሣሪያ የሚገባ ከሆነ ከጨረር መከላከያ ተቆጣጣሪው አካል ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል።

ለፈቃድና ለበጀት ጥያቄ ቢያንስ የሚከተሉትን ሰነዶች አሟልቶ መቅረብ ጊዜን ይቆጥባል።

• የምርምር ሥራዎችና የመሣሪያዎች ዝርዝር ከነቴክኒክ ፍላጎታቸው
• የአፈር ምርመራና የንዝረት ልኬት ውጤት
• ለቦታው ከፍታ የተስተካከለ የአየር፣ የማቀዝቀዣና የኃይል ስሌት
• የፍሳሽና የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝ ዕቅድ
• የግንባታ ወጪን ብቻ ሳይሆን ቢያንስ የአሥር ዓመት የማስኬጃ ወጪን የሚያሳይ ግምት
• የባለሙያ ሥልጠናና የጥገና ዕቅድ

ዜጎች ሊጠይቋቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

የምርምር ሕንፃ የሚገነባው በሕዝብ ገንዘብ ስለሆነ የአካባቢው ነዋሪ፣ የገበሬዎች ማኅበርና የንግዱ ማኅበረሰብ በምክክር መድረኮች ላይ የሚከተሉትን መጠየቅ ይችላሉ።

ማዕከሉ ከየትኛው የአካባቢ ችግር ጋር የተያያዘ ምርምር ያካሂዳል? የውኃ፣ የአፈር ወይም የምርት ናሙና ይዞ የሚመጣ ተገልጋይ እንዴትና በምን ክፍያ ይስተናገዳል? የቤተ ሙከራው ፍሳሽ የት ይደርሳል፣ የልኬቱ ውጤትስ ለሕዝብ ይገለጻል? ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የትኛው ክፍል ሥራውን ይቀጥላል? መሣሪያ ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው? ማጣሪያ የሚቀየረው ከየትኛው በጀት ነው?

ለእነዚህ ጥያቄዎች በዲዛይን ደረጃ ግልጽ መልስ የተገኘለት ሕንፃ በመጠኑ አነስተኛ ቢሆን እንኳ አገልግሎቱ ይቀጥላል። መልስ ያልተገኘለት ሕንፃ ግን በካሬ ሜትር ያወጣው ዋጋ ዝቅተኛ ቢሆንም ወጪ ቆጣቢ ሊባል አይችልም።